ገል ያልገባበት ሸክላ

ማሚቴ ጉለሌ ውስጥ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ስትጠርግ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ይህን ሁሉ ዓመት ሸክላ ሠሪ መሆኗን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ቀጨኔ ተወልዳ ጭቃ እያሸች ነው ያደገችው። በልጅነቷ ግን «የሸክላ ሠሪ ልጅ» መባል ስድብ ነበርና፣ እናቷ ስታርፍ ሙያውንም አብራ ቀበረችው።

አንደበቷን የፈታው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ልጆች በትልልቁ «ዑደታዊ ኢኮኖሚ» ብለው ጽፈዋል። ከወረቀቱ ሥር ችግኝ የያዙ ጥቁር ላስቲኮች ተደርድረዋል። ማሚቴ በየክረምቱ የተቀዳደደ ላስቲክ ከግቢው ስትለቅም ነው የምትከርመው።

«ሮሐ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?» ስትል የክበቡን መሪ ጠየቀቻት።

«አንድ ዕቃ አገልግሎ ሲያበቃ አይጣልም፣ ተመልሶ ሌላ ዕቃ ይሆናል ማለት ነው፣ እትዬ ማሚቴ።»

«እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ይህንኑ ስትሠራ ነበር። ስሙን የነገራት የለም እንጂ።»

አንዴ ካፏ ወጥቷል። የተሰበረ ሸክላ፣ ማለትም ገል፣ ተወቅጦና ተነፍቶ ከአዲስ ጭቃ ጋር እንደሚለወስ፣ ገል ያልገባበት ሸክላ እሳት ላይ እንደሚሰነጠቅ ነገረቻቸው። ለችግኙ በላስቲክ ፋንታ የሸክላ ማሰሮ፣ እሱም ሲሰበር ተወቅጦ ሌላ ማሰሮ። ሮሐ በማግስቱ ክንዷን ይዛ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስገባቻት።

አቶ ገበየሁ መነጽራቸውን አውልቀው ሰሟት። «ወይዘሮ ማሚቴ፣ እስከ ግንቦት ሠላሳ ስልሳ ማሰሮ አሳዩኝ። ውሃ ችሎ የሚቆም ከሆነ የኋላው መጋዘን የክበቡ ይሁን፤ እርስዎም መጥረጊያውን አስቀምጠው ልጆቹን ያሠልጥኑ። ካልቆመ ላስቲኩ ይቀጥላል።»

ሥራው ተጀመረ። ልጆቹ ገል ለቅመው ወቀጡ፣ እሷ ለወሰች፣ ሁሉም እንደየአቅሙ ማሰሮ አበጀ። ከእሳት ሲወጡ እንደ በርበሬ ቀልተው ነበር። ግቢው በጩኸት ተናጋ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደስታው አለቀ።

«እትዬ፣ ማሰሮዎቻችን ኩፍኝ ወጣባቸው!» አለ የክበቡ ቀልደኛ ያዕቆብ። ነጫጭ ነጥቦች ሸክላውን ከውስጥ እየገፉ ያፈርጡት ነበር። በአምስተኛው ቀን ከስልሳው ያልፈረሱት አራት ብቻ ናቸው። መምህራን ማረፊያ በር ላይ አንዱ ሆን ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ጠራጊ አስተማሪ ስትሆን ይኸው ነው» አለ። ማሚቴ ሰማች። መጥረጊያዋን እንደያዘች አለፈች።

ከዚያ ከፈረጠው ማሰሮ ነጩን ዱቄት በጥፍሯ ጫረችና በምላሷ ጫፍ ነካችው። ቆነጠጣት።

«ኖራ ነው። ገሉን ከምን ጋር ነው የወቀጣችሁት?»

ያዕቆብ አንገቱን ደፋ። «እ... ማለቴ፣ ከፈረሰ ቤት ግድግዳ ጨምረንበታል። እሱም የተጣለ ነው፣ ይግባ ብለን ነው።»

ልትቆጣ ከጀመረች በኋላ ተወችው። ጥፋቱ የእሷም ነበር። ቀጨኔ ኖራ ከገል ጋር እንደማይወቀጥ ለልጅ የሚነግር የለም፤ ሁሉም ያውቀዋል። እነዚህም የሚያውቁ መስሏት ውቀጣው ላይ አልቆመችም።

«የተጣለ ሁሉ አንድ አይደለም» አለች። «ኖራ እሳት ሲያገኘው ይተኛል፣ ውሃም ሆነ እርጥበት ሲነካው ተነሥቶ ያፈነዳል። ገል ወደ ሸክላ ይመለስ፣ ኖራ ወደ ግድግዳ።»

«ተወቅጦ ካለቀ በኋላ ግን በምን እንለየዋለን?» አለች ሮሐ። ለራሷ መልሳ ብድግ አለች። «ሎሚ! ኬሚስትሪ ላይ ተምረናል፤ ኖራ ሎሚ ሲነካው አረፋ ያወጣል።»

ማሚቴ ይህን ከእናቷ አልሰማችም። ሎሚ መጣ። የተወቀጠው ገል ካለበት አንዱ ጆንያ ላይ ጠብ ሲያደርጉበት ፈላ፤ ጆንያው ተገለለ። ሌላው ዝም አለ፤ ከጭቃው ጋር ገባ።

አሥራ አምስት ቀን ቀርቷቸዋል። ገል ግን አነሰ። በማግስቱ ያዕቆብ ገል የሞላ ከባድ ጆንያ ተሸክሞ መጣ።

«አያቴ ናት የላከችው። እሷም ሸክላ ሠሪ ናት» አለ፣ ጓደኞቹ ሁሉ እየሰሙ። ይህን ሲል አልቀለደም። የሳቀም አልነበረም።

የግንቦቱ ዝናብ እንዳያበላሽባቸው እንደ አዲስ የሠሯቸውን ማሰሮዎች ከአዳራሹ መድረክ በታች አደረቋቸው። አንድ ፀሐያማ ጠዋት ከእንጦጦ በወረደ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ አበሰሏቸው። ከዚያ ማሚቴ ሁሉንም ውሃ ሞልታ ለአምስት ቀን አስቀመጠች። ልጆቹ በየዕረፍቱ እየሮጡ ይመጣሉ። ነጭ ነጥብ ያየ የለም።

ግንቦት ሠላሳ አቶ ገበየሁ በእስክሪብቶ አንዱን መታ መታ አደረጉት። እንደ ደወል ጮኸ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን መቱ። ስልሳ ሁለት ማሰሮ ቆሟል። ከዳር ትንሽ የተሰነጠቀ አንድ ብቻ ነበር። ማሚቴ ያንን አንሥታ ድንጋይ ላይ ከሰከሰችው።

«ምነው ወይዘሮ ማሚቴ!» አሉ ርዕሰ መምህሩ ደንግጠው።

«ይሄ ለሚቀጥለው ማሰሮ ነው።»

አቶ ገበየሁ እየሳቁ የመጋዘኑን ቁልፍ ሰጧት። ያዕቆብና ጓደኞቹ እሷን ከመሬት አንሥተው ሊሸከሟት ሞከሩ። «ልቀቁኝ እናንተ! ወገቤን!» እያለች፣ እሷም ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም።

ሰኞ መጋዘኑ በር ላይ አርባ አንድ ተማሪ ተሰለፈ። ሮሐ ስም እየመዘገበች «ከቤተሰቡ ሸክላ የሚሠራ ያለው?» ብላ ጠየቀች። አንድ እጅ ወጣ። ከዚያ ሁለት። ከዚያ ሰባት።

«እናንተ ወደዚህ ኑ» አለች መምህርት ማሚቴ እጅጌዋን እየሰበሰበች። «ውቀጣውን ለሌሎቹ የምታሳዩት እናንተ ናችሁ።»