እጅሽን አምጪ

ሰማያዊው የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ አፉ ላይ ተሰንጥቋል። ሲያስታጥቡበት በስንጥቁ እየተንጠባጠበ ክንድ ያረጥባል፤ ቢሆንም አልጥለውም። ባለፈው ሳምንት እዚህ ሆላንድ፣ ራይስዋይክ ከተማ፣ ቢሮ ውስጥ ምሳ ስንበላ፣ አንድ እንግሊዛዊ የሥራ ባልደረባዬ ስለ አገሩ ያጫውተኝ ነበር። «እኛ ዘንድ ሰው የማታ ምግቡን ምን ብሎ እንደሚጠራ ከሰማሽ አባቱ በምን ሥራ እንዳደረ ታውቂያለሽ» አለኝ። «እናንተ ዘንድስ?» ሲለኝ ትዝ ያለኝ ይህ ማንቆርቆሪያ ነው። እኛ ቤት መስማትም አያስፈልግም ነበር፤ ማን ማንን እንደሚያስታጥብ ማየት ይበቃል። ለእሱ ስቄ አለፍኩት። ለአንቺ ግን፣ ወዳጄ፣ ልንገርሽ።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አምስተርዳም፣ ኢንዲሸ ቡርት በሚባል ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እኔና እናቴ ብቻችንን እንኖር ነበር። እናቴ የምታጸዳበት ሆቴል ሠራተኛ ሲቀንስ እሷንም አሰናበታት። ሰባት ወር ሙሉ «ኸሜንተ» ከምንለው ማዘጋጃ ቤት፣ ሥራ ፈልጊ የሚል ደብዳቤ በበሩ ቀዳዳ እየገባ ምንጣፉ ላይ ጧ ይላል። እኔ እያነበብኩ እተረጉምላታለሁ፤ እሷ መስኮቱ ላይ ቆማ ወደ ገበያው ታያለች። ድሮ ተጨቃጫቂ ነበረች፣ ያን ሰሞን ግን መጨቃጨቁንም ተወችው። ደብዳቤው አላስፈራኝም። የእሷ ዝምታ ግን አስፈራኝ፤ እናቴ ዓይኔ እያየ እየጠፋችብኝ ነበር።

አንድ እሑድ ከጸሎት ቤት ስትመለስ ካፖርቷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ዝናብ የመታው ሱፍ ይሸታል።

«ማንን እንዳገኘሁ ታውቂያለሽ? የቤታችንን ሠራተኛ።»

እናቴ የሀብታም ልጅ ነበረች። ያቺ ሴት ደግሞ በእናቴ አባት ቤት ከልጅነቷ ጀምራ ያገለገለች፣ እናቴን በሁለት ዓመት ብቻ የምታንስ። ጠዋት ጠዋት የእናቴን ቦርሳ ተሸክማ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ታደርሳትና ወደ ጓዳዋ ትመለሳለች። ምግብ ሲቀርብ ቤተሰቡን ታስታጥባለች፤ እሷ የምትበላው ሁሉም ከተነሳ በኋላ፣ ጓዳ ውስጥ ነው። አሁን ደን ሃግ፣ ዘ ሄግ በሚባለው ከተማ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ቡድን መሪ ሆናለች። እናቴን አቅፋ ካለቀሰች በኋላ፣ «ሰው እንፈልጋለን፣ ሥልጠናውንም እኛው እንሰጣለን፤ ይምጡ እትዬ» ብላ ስልክ ቁጥሯን በወረቀት ጽፋ ሰጥታታለች።

«ታዲያ ጥሩ አይደል?» አልኩ።

«በእሷ ሥር? ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል!»

«ማም፣ ዱ ኖርማል!» አልኳት። «እማ፣ አደብ ግዢ» እንደማለት ነው፤ እዚህ አገር ሰው ከልኩ ሲያልፍ ይባላል፤ ለእናት አይባልም። እናቴ ግን አልተቆጣችም፣ እሱ ነው ያናደደኝ።

ቆረጥኩ። በማግስቱ ገበያ ስትወርድ ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣሁና ለሴትዮዋ ደወልኩ። «እናቴ ቅዳሜ ምሳ ጋብዛሻለች» አልኳት። ነጭ ውሸት ነው። እዚህ ያደግን ልጆች ትልቁንም ትንሹንም አንተ፣ አንቺ ስለምንል ቅር አላላትም። ያስደነገጣት ሌላ ነው።

«እትዬ ራሳቸው ናቸው ያሉት?»

«አዎ፣ ታንቴ» አልኳት፤ በሆላንድኛ አክስቴ እንደማለት ነው።

ለእናቴ የነገርኳት ቅዳሜ ጠዋት ነው። አፏ ያመጣላትን ሁሉ ሰደበችኝ፤ ከዚያ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። እንግዳ ተጠርቶ በባዶ ቤት አይጠበቅም።

ታንቴ በአንድ እጇ አበባ ይዛ መጣች። እናቴ ተቀመጪ እስክትላት ቆማ ጠበቀች። ዝናቡ አባርቶ ጠረጴዛው ላይ ፀሐይ ወድቆ ነበር፤ ከታች የትራሙ ደወል ይሰማል። ምግቡ ሲቀርብ ማንቆርቆሪያውንና ሳፋውን ይዤ ወደ እንግዳዋ ሄድኩ። ታንቴ ከወንበሯ ብድግ አለችና ማንቆርቆሪያውን ከእጄ ያዘች። አስባበት አይመስለኝም፣ እጇ ነው የሄደው።

«አምጪው ልጄ፣ እትዬን እኔ አስታጥባቸዋለሁ።»

«አይሆንም» አልኩ።

ሳበች። እኔም ሳብኩ። ከሁለታችንም አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀና አፉ ተሰነጠቀ፤ ውሃው የእናቴ እግር ሥር ደረሰ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለች እናቴ። ለየትኛችን እንዳለችው እስከ ዛሬ አላውቅም። ተነሳች፣ ማንቆርቆሪያውን አነሳችና ወጥ ቤት ገብታ ለብ ያለ ውሃ ሞልታው መጣች። ታንቴ ፊት ቆመች።

«እጅሽን አምጪ።»

«ኧረ እትዬ፣ በሞቴ ይተዉ...»

«እጅሽን አምጪ አልኩሽ!»

ያው የድሮው ትእዛዝ ነበር፤ እናቴ ለእሷ የሚሆን ሌላ ድምፅ አልነበራትም። ታንቴ እንደታዘዘችው እጇን ዘረጋች። እናቴ ጎንበስ ብላ ቀስ እያደረገች አፈሰሰችላት፣ የሎሚ ሳሙናው ሽታ ቤቱን ሞላው። ታንቴ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። እናቴ ፎጣውን ከትከሻዋ አንስታ አቀበለቻትና፣ «ሰኞ በስንት ሰዓት ልምጣ?» አለቻት።

ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በታንቴ ሥር ሠራች። ጭቅጭቋም ተመለሰ፤ ስለ አለቃዋ ስታማርር መስማት እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር!

አሁን እናቴ እዚያው መጦሪያ ቤት ውስጥ ተጧሪ ናት። አእምሮዋ እየከዳት በሐሳቧ ወደ አባቷ ቤት ተመልሳለች፤ ከቧንቧ ታጠቢ ቢሏት አሻፈረኝ ስለምትል ማንቆርቆሪያውን ይዤላት እሄዳለሁ። ታንቴም ጡረታ ወጥታለች፣ ግን ቅዳሜ አትቀርም።

ባለፈው ቅዳሜ እናቴ አየት አደረገቻትና፣ «አንቺ ልጅ፣ ውሃ አታመጪም?» አለቻት። ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ ታግለን፣ ተመልሰን ወደ ጓዳ! ልናገር ስል ታንቴ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። «ተያት» አለችኝና እናቴን አስታጠበቻት። እናቴ አንገቷን ቀና አድርጋ ታጠበች። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ማንቆርቆሪያውን ላነሳ ስል እናቴ እጀታውን ጨበጠችው። ውሃው በስንጥቁ ክንዷ ላይ ይወርዳል።

«የት ትወስጂዋለሽ? እሷ መቼ ታጠበች?» አለችኝ። ማን እንደሆንኩ አላወቀችኝም።

ከዚያ ወደ ታንቴ ዞረች።

«እጅሽን አምጪ።»