የአባባ ስፒከሮች

የኮሮናው ሎክዳውን ትሮይቪል ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤታችን ውስጥ የቆለፈብን ሰሞን ነው። አባባ የድሮ ስፒከሮቹን ፈታትቶ የተቀደደ ወረቀታቸውን በሙጫ ሲያጣብቅ ዋለ። ሽታው አናቴ ላይ ወጥቶ ልጮህበት ስል፣ ልጅ ሳለሁ ወደሚሠራበት የስፒከር ፋብሪካ የወሰደኝ ቀን ትዝ አለኝ።

ያን ቀን ትምህርት ቤት ዝግ ነበር። የፋብሪካው አዳራሽ ይኸው ራስ የሚያዞር ሽታ ነበረው። አባባ ጥቁሩን ክብ ወረቀት በጣቱ ዙሪያውን እየዳበሰ ከብረቱ ጋር ያጣብቃል፤ ጥፍሮቹ ሥር ሙጫው ደርቆ ቢጫ ሆኗል። ከሰዓት በኋላ አለቃው መጥቶ በእንግሊዝኛ አነጋገረው። ከዚያ ወዲያ አባባ እስክንወጣ ድረስ ያንኑ አንድ ወረቀት ሲዳብስ ቆየ።

ታክሲ ስንጠብቅ፣ «የእኔን ሥራ የሚሠራ ማሽን ሊያመጡ ነው» አለኝ።

«እሰይ! ልታርፍ ነዋ!» ብዬ ዘለልኩ።

«አዎ ልጄ፣ ላርፍ ነው» አለና እጄን ጠበቅ አድርጎ ያዘኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። በመጨረሻው የሥራ ቀኑ እነዚህን ሁለት ስፒከሮች ተሸክሞ መጣ።

አሁን ሽቦዎቹን ሰካክቶ ከስልኬ ላይ ስብከት ከፈተ። አንዱ ስፒከር ተንጫረረ፤ ሌላው ጭራሽ ዝም አለ።

«ሙጫው አልቋል። ሱቆቹ መቼ ነው የሚከፈቱት?» አለኝ፣ የዘጋኋቸው እኔ ይመስል።

እኔ ራሴ የምሠራበት ልብስ ቤት ከተዘጋ ወዲህ መቼ እንደምመለስ የነገረኝ ሰው የለም።

«እኔ ምን አውቄ አባባ!» አልኩና መስኮቱን በንዴት በረገድኩት።