እበት ጭኖ ወደ ዘጌ

ሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ

ባሕር ዳር፣ ጀልባ መነሻው ላይ ቆሜያለሁ። አጠገቤ ከመሸንቲ ገበሬዎች የለመንኩት ሦስት በርሜል እርጥብ እበት አለ። መንገደኛው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ይሸሸኛል።

ጥፋቱ የራሴ ነው። የቡና ገለፈትና እበት በታሸገ ጉድጓድ አብላልተን የሚነድ ጋዝ እናወጣለን የሚለውን ዕቅድ የጻፍኩት ቢሮ ተቀምጬ ነው። «ገለፈት፦ ከዘጌ። እበት፦ ከዘጌ።» ዘጌ ላም እንደሌለ የሰማሁት ጉድጓዱ በሲሚንቶ ተለስኖ ካለቀ በኋላ ነው። ከጥንት ጀምሮ በግዝት አይታረስበትም፣ የቀንድ ከብትም አይረባበትም። ይህን ለአለቃዬ አልነገርኳቸውም። «ጋዙ ካልነደደ ወባ ያለበት ቆላ ትዛወራለህ» ብለውኛል፤ ሚስቴ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። ፈርቻለሁ።

ባለጀልባው ሙላት በርሜሎቹን አየና፣ «ጓድ፣ ሰው ከዘጌ ቡና ያመጣል፤ እርስዎ ወደ ዘጌ እበት ይወስዳሉ?» አለኝ። ለእኔ ሁለት ብር፣ ለአንዱ በርሜል ሦስት ብር አስከፈለኝ። የማን ዋጋ እንደሚበልጥ ያኔ ገባኝ።

አራት ሰዓት፣ ዘጌ

የደብሩ አስተዳዳሪ መምሬ አስረስ ከሽማግሌዎች ጋር ዳርቻው ላይ ይጠብቁኛል። ወሬው ቀድሞኛል፤ ሽታውም።

«ልጄ፣ እዚህ ቀንድ ያለው አይገባም። አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ አባቴ። ይኼ ግን ላም አይደለም፣ እበት ነው።»

«ከላም አይደል የወጣ?»

ሽማግሌዎቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ። በመጨረሻ አንዱ፣ «ቅቤውንስ ከገበያ እየገዛን እንበላ የለ? እሱስ ከላም አይደል የወጣ?» አሉ። መምሬ ጎንበስ ብለው በርሜሉን መረመሩ።

«ቀንድ አላየሁበትም። ይግባ!»

ደስታዬ ወሰን አጣ። ጉልበታቸውን ልስም ስጠጋ፣ «ተወው፣ ተወው፣ እዚያው ሁን!» ብለው ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

ከአርባ ቀን በኋላ

ዛሬ አለቃዬም አብረውኝ መጥተዋል። ክብሪቱን ጫርኩ። ሰማያዊ ነበልባል ቦግ አለ፣ እልልታው ቀለጠ፣ እኔም ሳላፍር አለቀስኩ። አለቃዬ እጄን ጨብጠው ዙሪያውን ቃኙና ጠየቁ።

«ለመሆኑ ላሞቹ የት አሉ?»

እንባዬ ባለበት ደረቀ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። መምሬ አስረስ ብቻ ጭራቸውን እያወዛወዙ፣ «ግጦሽ ላይ ናቸው» አሉ።

«ጎበዞች! በርቱ!» አሉ አለቃዬ፤ ደስ ብሏቸው ወደ ጀልባው ወረዱ።

እኔ ወደ ኋላ ቀርቼ፣ «አባቴ፣ ለእኔ ብለው ዋሹ?» አልኳቸው።

«የምን መዋሸት? መሸንቲ ግጦሽ የለም? ይልቅ የሚቀጥለውን እበት ስታመጣ ቅቤም አምጣልን» አሉና ጥቂት አሰብ አድርገው ጨመሩ፤ «በሌላ ዕቃ።»