ከዱአው በኋላ

ከሐይቅ ከተማ የመጣችው መምህርት ሀዲያ፣ አምባሰል ውስጥ ባለች አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። የፊዚክሱ አስተማሪ ደመወዙ አላዛልቅ ቢለው ባጃጅ መንዳት ጀመረ፤ የኬሚስትሪውም ብዙ ሳይቆይ ተከተለው። ምትክ አልተቀጠረምና የሁለቱም ክፍለ ጊዜ በእሷ ጫንቃ ላይ ወደቀ። የራሷ ደመወዝ ደግሞ ወር እየዘለለ ነው የሚመጣው።

የዚያን ቅዳሜ ወላጆች የተሰበሰቡት ያዋጡት ገንዘብ ምን ላይ እንዲውል ለመወሰን ነበር። ሀዲያ አስተማሪ ይቀጠርበት አለች። ሰብሳቢው አቶ ዝናው ግን የብረት በር ይሠራበት ባይ ናቸው። በር ለእንግዳ ይታያላ! አስተማሪ ምኑ ይታያል?

ሀዲያ ብድግ አለች። "በሩን ሠርታችሁ ልጆቹን ወደ ማን ልታስገቧቸው ነው?"

ወላጆቹ "እውነቷን እኮ ነው" ማለት ሲጀምሩ አቶ ዝናው ፈጠን ብለው ከፊት ወደተቀመጡት አዛውንት ዞሩ።

"ሼህ ሀምዱ፣ እስቲ ዱአ ያድርጉልንና እንነሣ።"

እዚያ አገር ዱአ ከተደረገ በኋላ መከራከር ነውር ነው፤ የሰብሳቢው ቃል ይጸናል። ሼሁ ተንኮሉ አልገባቸውም። የልጅ ልጆቻቸውን ያስተማረችውን ሀዲያን እያዩ፣ እጃቸውን ዘርግተው ከልባቸው መረቁ።

"አላህ አስተማሪ አያሳጣን!"

"አሚን!" አለ እስላሙም ክርስቲያኑም።

ሀዲያም ጠመኔ ያደረቀውን መዳፏን ዘርግታ "አሚን" አለች። ምን ታድርግ?

በሩ ሰኔ ሳይገባ ተተከለ፤ ሰማያዊ ቀለምም ተቀባ። ቀለሙ ሳይደርቅ መጀመሪያ ያለፈችበት ሀዲያ ናት፤ ሻንጣዋን አንጠልጥላ፣ ወደ ውጭ።