የሰገነት ድምፅ የት ይደር?

ሥርጉት ሽፈራው ራሷን ስታስተዋውቅ «የካሴት ቤቱ ልጅ ነኝ» ነው የምትለው። ካሴት ቤቱ ከተዘጋ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ አባቷ አቶ ሽፈራውም ካረፉ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። በቦታው አሁን የእሷ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። ቢሆንም ሐረር ውስጥ ዕድሜው ከኀምሳ የዘለለ ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱ ይፈታል። አቶ ሽፈራው ያልቀረጹት ሠርግ አልነበረማ! ቴፓቸውን በትከሻቸው አንግተው፣ ከድንኳን ድንኳን እየዞሩ፣ የሚዜውን ዘፈን፣ የእናቶቹን እልልታ፣ የሽማግሌውን ምርቃት ንብ አበባ እንደምትቀስም ሲቀስሙ ኖሩ።

ለልጃቸው ያወረሷት ስድስት መቶ ካሴትና ሁለት ሕግ ነው። አንደኛው፣ የሰው ድምፅ ከቤት አይወጣም። ድሮ አንድ ሰው በውሰት የወሰደውን የሠርግ ካሴት አባዝቶ ጊደር መጋላ ገበያ ላይ ሲቸበችበው ተገኝቶ፣ የሙሽራዋ አባት አቶ ሽፈራውን እስከ ዕለተ ሞታቸው አኩርፈዋቸዋል። ሁለተኛው፣ ድምፅ ደጋግመው አያጫውቱትም፤ ክሩ በተጫወተ ቁጥር ይሳሳል። ስለዚህ ሰው የሞተባቸው ቤተሰቦች በዓመት አንድ ቀን ይመጣሉ። ጓዳ ገብተው የሟቻቸውን ድምፅ አንዴ ይሰማሉ፤ ዕንባቸውን ጠርገው፣ አመስግነው ይሄዳሉ። ሥርጉት ካሴቶቹን ወደ ኮምፒውተር ከገለበጠቻቸው በኋላም ይኸው ሥርዓት አልተለወጠም።

ከነዚህ ሰዎች አንዷ እማማ ብዙነሽ ናቸው። ልጃቸው ሰገነት በሃያ አንድ ዓመቷ በሕመም ከተለየቻቸው ሠላሳ ስድስት ዓመት ሆነ። ከእሷ የቀረው ድምፅ፣ ለጓደኛዋ ሚዜ ሆና ያወጣችው የሠርግ ዘፈን ብቻ ነው። አራት ደቂቃ! በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤል፣ በሙት ዓመቷ ቀን፣ ቤታቸው ካለበት ተራራ፣ ከሐኪም ጋራ፣ ቁልቁል ይወርዳሉ። ጓዳው ውስጥ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ አንዲት ነገር እንዳታመልጣቸው ትንፋሻቸውን ቆጥበው ያዳምጣሉ።

ዘንድሮ በጥቅምት ደወሉ።

«የሽፈራው ልጅ፣ እግሬ ከዳኝ። ከአልጋ እስከ ደጃፍ ነው አሁን መንገዴ። ሰገነትን ሳልሰማት ልቀር ነው?»

«እንዴት ተደርጎ እማማ! እሷ ትመጣልዎታለች» አለች ሥርጉት። አፏ ቀደማት እንጂ እንዴት እንደምትመጣ አላወቀችም። ከእማማ ብዙነሽ ሌላ፣ ጉልበት አጥተው የቀሩ ሰባት እናቶች ነበሩ። በዚያ ላይ ድምፆቹን የያዘው ሃርድ ዲስክ ሰሞኑን ቀጭ ቀጭ ማለት ጀምሯል።

ነስሮን ጠራችው። ነስሮ የጀጎል ልጅ ነው፤ አዲሱ ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል። ጆሮውን ለዲስኩ ሰጠና ራሱን ነቀነቀ።

«ወላሂ ሥርጉት፣ ይሄ ሊሰናበትሽ ሻንጣውን እያሰረ ነው።» ወዲያው ያለውን ሁሉ በአዲስ ዲስክ ገለበጠላት። «ይሄም ቢሆን እሳት አለ፣ ሌባ አለ። ክላውድ ላይ ይውጣ። ትልልቅ ኮምፒውተር ያላቸው ድርጅቶች ቦታ ያከራያሉ፤ አንቺ በኢንተርኔት ታስቀምጫለሽ፣ በኢንተርኔት ትከፍቻለሽ። አከራዩ ግን ብዙ ነው፤ እያየሽ ምረጪ።»

ሥርጉት ዘጠኝ ቀን ስትመርጥ ሰነበተች። ወረቀት ላይ ከፋፍላ፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ፣ ለልጇ ባል የምትፈልግ እናት እስክትመስል። በመጨረሻ ልቧ የአንድ የውጭ አገር ድርጅት «ጥልቅ ማከማቻ» የሚባል አገልግሎት ላይ አረፈ። የማይነካ፣ የማይነቀነቅ፣ ለዘመናት የሚኖር ይላል ማስታወቂያው። አባቷ ቢኖሩ ይህንኑ ይመርጡ ነበር። የሰገነትን ዘፈን ለሙከራ ጫነችና በእፎይታ ተነፈሰች።

ሚካኤል ስድስት ቀን ሲቀረው፣ እስቲ ለማለት ያህል ልትከፍተው ሞከረች። ስክሪኑ ላይ «ጥያቄዎ ደርሶናል፤ ፋይሉ በአሥራ ሁለት ሰዓት ውስጥ ይዘጋጃል» የሚል መጣ። ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል በባጃጅ ነስሮ ዘንድ ደረሰች።

«ነስሮ፣ የእማማን ልጅ ቀበርኳት!»

ነስሮ አይቶ ሳቀ። «አቦ ተረጋጊ፣ አልጠፋችም። አንቺ እኮ የማይከፈት ሣጥን ነው የመረጥሽው። ይሄ በአሥር ዓመት አንዴ ለሚፈለግ ዶሴ ነው። ለምን ወሰድሽው?»

«እንዳትነካ ብዬ ነዋ! ሲደጋገም እንዳይሳሳ!»

የነስሮ ሳቅ ቆመ። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ሥርጉት፣ ይሄ ክር የለውም። ሺህ ጊዜ ብታጫውቺው ሺህ አንደኛው እንደ መጀመሪያው ነው።»

ታውቀው ነበር፤ ጆሮዋ ያውቀው ነበር። ልቧ ግን ያን ቀን ነው የሰማው። ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ እነዚያን እናቶች በዓመት አንድ ጉርሻ ስታጎርሳቸው ኖራለች ማለት ነው። ዕንባዋ መጣ።

«ተይ እንጂ» አለ ነስሮ፣ መሐረብ እየሰጣት። «ይልቅ እኔ ልጠይቅሽ። የሚከፍተው ማነው?»

«እማማ ብዙነሽ።»

«ስልካቸው?»

«የልጅ ልጃቸው የተወላቸው፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ።»

«ኔትወርክ? ሐኪም ጋራ ላይ?»

«አንዳንዴ።»

«እምቢ ሲልሽ ለማን ትደውያለሽ? በእንግሊዝኛ ልትጣዪ ነው?»

ቀዩ እስክሪብቶ እንደገና ወጣ። አሁን ግን ወረቀቱ ላይ የድርጅት ስም አልቀደመም፤ የእናቶቹ ስም ነው የቀደመው። ከዚያ በኋላ መምረጡ ቀለለ። አንዱ ትልቅ ድርጅት በውጭ ምንዛሬ ካርድ እንጂ አልቀበልም አለ፤ ተሰረዘ። አዲስ አበባ ያለ አንድ አነስተኛ ድርጅት ቀረ። ቦታው ጠባብ ነው፤ ለስድስት መቶ ካሴት ግን ይበቃል። በብር ያስከፍላል። መስመር ሲደክም ድምፁን አቅልሎ ያደርሳል። እያንዳንዱ ቤተሰብም የራሱን ብቻ እንዲከፍት ቁልፍ ይሰጣል፤ የሙሽራዋ አባት ዓይነት ቅሬታ አይኖርም። ሥርጉት ደውላ «አንድ ቀን ልሂድ ብል ሁሉንም ይዤ እወጣለሁ?» ስትል፣ ስልኩን ያነሳችው ልጅ በአማርኛ «አዎ እኅቴ፣ የእርስዎ ንብረት አይደል እንዴ!» አለቻት። በዚች መልስ ምርጫው ተፈጸመ። አዲሱ ዲስክ ደግሞ ለክፉ ቀን ጀጎል፣ ነስሮ ቤት እንዲቀመጥ ተስማሙ።

የሚካኤል ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሥርጉት ዳገቱን ወጣች። እማማ ብዙነሽ ነጭ ለብሰው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ስልካቸውን ተቀብላ የሰገነትን ስም ከፈተችላቸው። መስመሩ አንዴ ተንገዳገደ፤ ሁለቱም ደነገጡ። ከዚያ ድምፁ ኩልል ብሎ ወረደ፦

ጮራው ሳይወርድ ገና ከሐኪም ጋራ፣
ቀድማ ደምቃ ወጣች የኛ ሙሽራ።

እማማ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስኪያልቅ አልተነቃነቁም። ሲያበቃ በረጅሙ ተንፍሰው ስልኩን መለሱላት። «እግዜር ይስጥሽ። እንግዲህ ለከርሞ ያድርሰን።»

«እማማ፣ አሁን ይድገሙት።»

«ኧረ ይሳሳል ልጄ! አባትሽ…»

«አይሳሳም። ነገም፣ ማታም፣ በፈለጉት ሰዓት። የእርስዎ ነው።»

አሮጊቷ ትክ ብለው አዩዋት። የእናት ዓይን ነው፤ ሊያምን ይፈልጋል፣ ይፈራል። በተጨማደደ ጣታቸው ስልኩን ራሳቸው ነኩት። ዘፈነች። ደግመው ነኩት። አሁንም ዘፈነች፤ ያው ሃያ አንድ ዓመት፣ ያው ሳቅ ሳቅ የሚል ድምፅ።

ሥርጉት ነስሮና አዲስ አበባ ያሉት ሰዎች ያደረጉትን አጫወተቻቸው። «ሽፈራውን ነፍሱን ይማር» አሉ። «አንቺንም፣ ያንን የጀጎል ልጅም፣ አዲስ አበባ ያሉትንም ይባርካችሁ። የልጅ ድምፅ አያሳጣችሁ።»

ለአራተኛ ጊዜ ሲደገም እጃቸው ከአፋቸው ላይ ወረደ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዳያመልጣቸው ዝም ብለው የሰሙትን ዘፈን፣ ሰገነት ስታወጣ እሳቸው ይቀበሉ ጀመር። እጃቸው ጭብጨባውን አልረሳም። «ወጣች የኛ ሙሽራ!» አሉ፣ በተሰበረ ግን በማይሳሳት ዜማ፤ ልጅ ታወጣለች፣ እናት ትቀበላለች፣ ሥርጉትም ከእናትየው ጋር አብራ ታጨበጭባለች።