ያልተሰማው ስድብ

ምድር ቤት ካለው ዕቃ ማስቀመጫ፣ ኬለር፣ ወርጄ የክረምት ጎማ ስፈልግ የቤዝቦል ጓንቴ እጄ ገባ። ቆዳው ዛሬም የዚያን ጊዜውን ቅባት ይሸታል። ሰው ወጣትነቱን ሲያስታውስ ሆዱ ይባባል፤ እኔ ግን ደሜ ፈላ።

የዓለም ዋንጫ ጀርመን ከተካሄደ በኋላ በመጣው ዓመት ነው። አዲስ የቤዝቦል ሊግ ተቋቁሞ ፍራንክፈርትም የራሷ ክለብ ነበራት። አገር ቤት የገና ጨዋታ ስጫወት ስላደግኩ ኳስ በዱላ መምታት አያቅተኝም፤ የክለቡ ባለቤት በሙከራው ቀን አይቶ ቀጠረኝ። ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነበር። "እዚህ አብረን እናረጃለን" አለን። እኛም ሞኞቹ አመንነው።

ሪደርቫልድ በሚባለው ሰፈር ጎረቤቴ የነበሩት ኤርትራዊ ሽማግሌ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ መጋረጃ እንኳ አይከፍቱም ነበር። ለምኜ ለምኜ አንድ ቅዳሜ ሜዳ ወሰድኳቸው። የመጀመሪያውን ምት ሲያዩ ብድግ አሉ።

"ይሄማ የእኛ ቃርሳ ነው! እናንተ ገና የምትሉት!"

ገና ደግሞ ያለ ስድብ አይደምቅም። ከዘራቸውን እየነቀነቁ የተጋጣሚን መቺ በግጥም ያዙት፦

"ዱላውን ታቅፎ ኳስ ሲያልፍ የሚያይ፣
ሊጫወት መጥቶ ነው ሊያንቀላፋ ነው ወይ?"

ስተረጉምላቸው የቡድን ጓደኞቼ በሳቅ ፈረሱ። በሌላ ቀን ባለቤቱን ራሱን ሰደቡት። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ እንደሚባል አስረዳሁት፤ እሱም አጨበጨበ። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌው አንድም ጨዋታ አላመለጣቸውም። ልጃቸው ከሌላ ከተማ ደውላ "ቅዳሜ ልምጣ" ስትላቸው፣ "ቅዳሜ ቴርሚን አለኝ" ይሏት ነበር፣ ቀጠሮን በጀርመንኛ እየጠሩ፣ እየኮሩ።

ለመጨረሻው ግጥሚያ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ለባለቤቱ አዲስ ግጥም አዘጋጅተው ወጡ። መንገድ ላይ ይንገሩኝ ብላቸው እምቢ አሉ። ስንደርስ የሜዳው በር በሰንሰለት ታስሯል። የክለቡ ሰሌዳ ተነቅሎ የብሎን ቀዳዳው ብቻ ቀርቷል። ጓደኞቼ ቦርሳቸው ላይ ተቀምጠው እርስ በርስ ይተያያሉ። ሊጉ ፈርሷል አሉን፤ ባለቤቱ ስልክ አያነሳም።

ክለብ ይፈርሳል፣ ይገባኛል። ግን አፍ የለውም? "ልጆች፣ አበቃ" ማለት ምን ያቅታል? ጅብ ይብላው! በሩን በእርግጫ ደበደብኩት።

"አባባ፣ ይስደቡት!" አልኳቸው። "እዚሁ በሩ ላይ ይስደቡልኝ!"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "አይሆንም ልጄ። በጨዋታ የሚሰደብ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ይሰማል። ከሌለማ ሐሜት ነው።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ በራቸውን ደወልኩ። "ዛሬ ቴርሚን የለኝም" አሉኝ ከውስጥ። መጋረጃው እንደገና ተዘግቶ ነበር። እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር፤ ሜዳ የሚባል ነገር ግን ዳግመኛ አላነሱም።

አምና ቀበርናቸው። ያን የክለብ ባለቤት መንገድ ላይ ባገኘው ራሴ ልሰድበው እዝታለሁ፤ ግን እንደ እሳቸው ማን ያውቅበታል? ያቺን ግጥም ደግሞ ሳይነግሩኝ ሄዱ።