ሐኪም ያዘዘልኝ ካርታ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ በማሽላ አጨዳ ሰሞን ነው። ዛሬም ካርታ ሲበወዝ ድምፁን ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ቆቦ ከተማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከሮቢት ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ተገልብጦ ቀኝ እጄ አንጓው ላይ ተሰበረ። ጀሶው ሲፈታልኝ አጥንቱ ገጥሟል፤ ጣቶቼ ግን እንደ እንጨት ደርቀው ቀርተዋል። መቀስ መጨበጥ አቃተኝ። ቤታችን ደግሞ በአብዛኛው የሚተዳደረው በስፌት መኪናዬ ነው።

ሐኪሙ «ጣቶችሽን ሥራ አታስፈቺያቸው። ሊጥ አቡኪ፣ ኳስ ጭመቂ፣ ካርታ ካላችሁም በውዢ» አለኝ። ባለቤቴ ሰይድ አብሮኝ ነበር። ከሁሉም የሰማው የመጨረሻዋን ነው። የዚያኑ ቀን አዲስ ካርታ ገዝቶ መጣ።

ያበሸቀኝ ማስተማሩ ነው። እሱ ካርታውን ለሁለት ከፍሎ፣ ጫፍና ጫፉን በአውራ ጣቶቹ ጎበጥ አድርጎ ሲለቀው ጥርርር እያለ እርስ በርሱ ይገባል። እኔ ስሞክረው ግማሹ አልጋ ሥር፣ ግማሹ ጭኔ ላይ ይበተናል።

«አትጭመቂው! ልቀቂው እንጂ!»

«ስለቀው ይወድቃላ!»

«ኧረ በአላህ፣ ቀስ ብለሽ ልቀቂው!»

ጣቷ አልታዘዝ ያላትን ሴት ቀስ በይ ይላታል።

የሱን እርማት ሽሽት ሱቄ በር ላይ መለማመድ ጀመርኩ። ደንበኞቼ እንዳይሸሹ ብዬ ሱቁን አልዘጋሁትም ነበር፤ በግራ እጄ የሚቻለውን እሠራለሁ። እዚያ ደግሞ የሰው ዓይን ጠበቀኝ። አንድ ቀን ለልጃቸው ሰርግ ቀሚስ ሊያሰፉ ከጎብዬ የመጡ እናት ካርታውን ሲያዩ ጨርቃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሱ።

«የሙሽራ ልብስ ቁማር ቤት አላሰፋም» ብለው ወጡ። ተከትዬ ላስረዳቸው ስነሳ ካርታው ከጭኔ ተንሸራቶ መንገዱ ላይ ተዘራ።

ወሬው ዋጃ ለመድረስ አልዘገየም። እዚያ የሚኖሩት የሰይድ እናት፣ እማማ ዘሀራ፣ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍረው ከች አሉ። ሰላምታ እንኳ አላስጨረሱኝም።

«የልጅሽ ሚስት ቁማርተኛ ሆነች ይሉኛል። ሐቅ ነው?»

«ሐኪም ነው ያዘዘኝ፣ እማማ።»

«አጃኢብ! ሐኪም ቁማር ያዛል?»

ሰይድ ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት «አንተ ዝም በል! ቤት ያስገባኸው አንተ ነህ» አሉት። ያን ጊዜ አንጀቴ አረረ። ካርታውን አንስቼ ፊታቸው ለመበወዝ ሞከርኩ። ጣቶቼ አልታጠፍ አሉ። ተበተነ። ለቅሜ ደገምኩት፤ አሁንም ተበተነ። እጄ ላይ የቀረውን ወለሉ ላይ ወርውሬ «ይኸው! ቁማሬ ይሄ ነው!» ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

እማማ ዘሀራ አጠገቤ ተቀመጡ። ከዚያ ቀኝ እጄን ይዘው ጣቶቼን አንድ በአንድ ለማጠፍ ሞከሩ።

«ያረቢ! እንዲህ ሆነሻል እንዴ? ድናለች እኮ ነው ያለኝ» ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ። ሰይድ እንዳይጨነቁ ብሎ ደብቋቸው ኖሯል።

በማግስቱ ሱቄ በር ላይ በርጩማ ይዘው ተቀመጡ። ካርታው ሲወድቅ ጎንበስ እያሉ እየለቀሙ ይሰጡኛል። ቆም ብሎ የሚያየውን ሁሉ ይጠሩታል።

«ና እይ! እጇ ተሰብሮ ነው። ቁማር ነው የምትል ከሆነ አሁን ንገረኝ!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «እማማ፣ በአላህ ይተዉት» ስላቸው «አንቺ ዝም ብለሽ በውዢ!» ይሉኛል።

ያቺ ጥርርር የምትል ድምፅ ከእኔ እጅ የወጣችው ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው። ካርታው እንደ ውሃ ገባልኝ። በደስታ ሰይድን ጠራሁት። እሱ ስልኩን ጨርሶ ዞር ሲል ደግሜ ሞከርኩና ተበተነ።

«አየሽ፣ ስለምትጨምቂው እኮ ነው» አለኝ። ካርታውን ፊቱ ላይ አለመወርወሬ ይገርመኛል።

አልሐምዱሊላህ፣ አሁን መቀስም እይዛለሁ፣ መርፌም እጨብጣለሁ። ንዴቱ ግን ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም። ያ ሁሉ ሰው በሱቄ ሲያልፍ ስለ ካርታው አወራ እንጂ «እጅሽን ምን ነካው?» ያለኝ አልነበረም። እማማ ዘሀራም የመጡት ሊቆጡኝ ነበር። እሳቸው ግን እጄን ያዙ።